ጢም ያወጣው ካንዴላ

«ግባ ወንድሜ፣ ግባ! በሩን ገፋ አድርገው… ጠንከር… ኧረ በትከሻህ! እሰይ! አይ አይ፣ አልተበላሸም፤ ጠብቆ ነው። እንደምን አደርክ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናታቸውስ? ተመስገን ነው። ፀሐዩን ግን ዛሬ ምን ነካው በጌታ፣ ገና ከማለዳው እንዲህ አናት የሚበሳ! ና ወደ ጥላው። መኪናዋ ያቻት። አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ ደግሞ እዚህች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ላጫውትህ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያሳዝነኛል።»

አጀማመሯ እንዲህ ነበር። ከዚህ የበለጠ የዋህ አነጋገር ከየት ይመጣል? እትዬን የማያውቅ ሰው ቢሰማት እውነትም ለመካኒኩ ያዘነች ይመስለዋል። የሚያውቋት ግን በርጩማ ስትስብ ሲያዩ ጫማቸውን ፈልገው ይሄዳሉ።

መካኒኩ አያውቃትም። ኮፈኑን ከፈተ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ሞተሩ ላይ ተደፋ። የሚፈታቸው ብሎኖች እንዳይጠፉበት ከንፈሩ መሀል የመደርደር ልማድ ነበረው፤ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ መሳቢያው ነው። ስለዚህ ጥቂት ቆይቶ ቢፈልግም መናገር የማይችል ሆነ። ለእትዬ ከዚህ የተሻለ አድማጭ ከወዴት ይገኛል?

ከመካኒኩ ጎን የእጅ ባትሪ ይዞ የሚያበራለት የቤቱ ጌታ ነው፤ የእትዬ የታናሽ እህት ባል። ሙያው ቧንቧ መግጠም ነው። አንድ ቧንቧ ገጥሞ በጨረሰ ቁጥር እጁን አራግፎ «ጠብ አይልም!» ስለሚል ሰፈሩ «ጠብ አይል» የሚል ስም አውጥቶለታል። እውነት ለመናገር ጠብ አይልም። በቧንቧ ማንም አያማውም። ጣጣው የሚመጣው ቧንቧ ያልሆነ ነገር እጁ የገባ ጊዜ ነው።

ያን ዕለት ደግሞ ጣጣው ከባድ ነበር። ሚስቱ ሌላ ከተማ ባለ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ዋና ቆራጭ ሆና ተቀጥራለች፤ ነገ ጧት ሥራዋ ላይ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጓዟንና የስፌት ማሽኗን ጭና በማለዳ ራሷ ነድታ ልትወጣ ነበር። ቁልፉን ብታዞር፣ ብታዞር፣ መኪናዋ አጉረመረመች እንጂ አልነሳ አለች። ለካ ጠብ አይል ትናንት «ለመንገድሽ ላዘጋጃት» ብሎ ካንዴላዎቹን አውጥቶ መልሶ ገጥሟቸው ኖሯል። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭር ትንሽ ዕቃ ናት፤ እሷ አልጭርም ካለች መኪና ማለት ጎማ ያለው ቁም ሣጥን ነው።

መካኒኩ ባትሪው ወደሚያበራበት ጉድጓድ አየ። አጎንብሶ አየ። ቀና አለና እንደገና አየ።

«አየኸው? አትደንግጥ ወንድሜ። አዎ፣ ቃጫ ነው። ቀዩ ደግሞ ቀለም ነው። ቆርቆሮ የሚቀባው ቀለም… ጎሽ፣ ቶሎ ገባህ። እንዲህ ያለ አገጣጠም አይተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ከየት ታየዋለህ! ሌላው ሰው ካንዴላ ሲገጥም እንዲሁ እርቃኑን ነው የሚከተው። አንድ ሰው አሉ ግን… ስማቸው ይቅር፤ አታውቃቸውም፣ እኔም ብዙ አላውቃቸው… እኒያ ሰው ሞተሩ ሹሽ ሹሽ ሲል ሰሙና ‹ሹሽ የሚል ነገር ያፈስሳል› አሉ። ተመልከት እንግዲህ! አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር ውስጥ ስትልከሰከስ ይህን አስበኸው ታውቃለህ? እሳቸው አሰቡት። ካንዴላው ላይ እንደ ቧንቧ ጥርስ ቃጫ ጠመጠሙ፣ ቀለም ለቀለቁ፣ ከዚያ በዚያ በትልቁ የቧንቧ መፍቻ፣ እግራቸውን መከላከያው ላይ አስደግፈው… እህህህ… እያሉ አጠበቁት። እኔ እዚያ ማዶ መስኮት ላይ ቆሜ አይ ነበር። መኪና የሚጠግኑ አይመስሉም፤ የከተማውን ውሃ በሙሉ የሚዘጉ ነው የሚመስሉት። ጥንቃቄ ነው! ዛሬ ዛሬ ጥንቃቄ ከየት ይገኛል?»

የባትሪው ብርሃን ከሞተሩ ላይ ተንሸራቶ መካኒኩ ጆሮ ላይ አረፈ። ጠብ አይል እጁን መለሰው። ምን ይበል? እትዬ እሱን አላለችው። «እኔን ነው?» ቢል «አንተ ደግሞ ምን አገባህ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወሬው ገና አሁን ይጀመራል። ስንት ጊዜ ደርሶበታል። ጥርሱን ነክሶ ማብራቱን ቀጠለ።

ደግሞም ልቡ ብዙ አልተጨነቀም። ሚስቱ ቤት ውስጥ ናት፤ ቅድም ጓዟን ስትቋጥር ትቷት ነው የወጣው። የግቢው በር ከፊቱ ነው። የጓሮው በር እንደሆነ እሱ ራሱ ንፋስ ያስገባል ብሎ በብሎን ከጠረቀው ቆየ። ወጣች ብትባል በእሱ አጠገብ ነው የምታልፈው። ስታልፍ ደግሞ የሆነ ነገር ይላታል። ምን እንደሚላት ገና አላሰበም።

«ያመጣኸውን ኮምፕሬሰር ልታስነሳው ነው? ዙሪያውን በንፋስ ልታጸዳ… አዎ አዎ፣ ቆሻሻው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ። ልክ ነህ። ቆይ ግን አንዴ…»

እትዬ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ ቤቱ መስኮት ተመለከተች። መጋረጃው አንዴ ገለጥ ብሎ ተመለሰ።

«እሺ፣ አሁን ልቀቀው። እስኪበቃው ንፋ! ለቆሻሻ አትዘንለት!»

ኮምፕሬሰሩ ግቢውን አናወጠው። እትዬ ግን በኮምፕሬሰር የሚሸነፍ ጉሮሮ የላትም፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና ቀጠለች።

«ምን እያልኩህ ነበር? አዎ! እኒያ ሰው! ወንድሜ፣ እሳቸው ያሉበት ቤት ጨው ሲፈለግ ቀጠሮ ይያዛል! የጨው ዕቃውን ከዘጉት ዘጉት ነው! ሳምንት ሙሉ ያለ ጨው ተበልቶ ያውቃል፣ ለጤና ጥሩ ነው ተባለ፣ አለፈ! አንድ ጊዜ ደግሞ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጣና መጸዳጃ ቤት ልግባ አለ። ምስኪን፣ የበሩን እጀታ እሳቸው እንዳጠበቁት አላወቀ! ምሳውን በመስኮት ነው ያቀበልነው! ግን አልተቀየመም፣ ከወጣ በኋላ እንኳ ‹እንዲህ ያለ ፀጥታ አግኝቼ አላውቅም› ነው ያለው! እንግዳ እንዲህ የሚያርፍበት ቤት ስንት አለ?»

ከቤቱ ጀርባ ከባድ ነገር መሬት የነካ የሚመስል ድምፅ መጣ። ጠብ አይል አንገቱን አዞረ። ባትሪውም አብሮት ዞረ።

«ወንድሜ ሆይ፣ ብርሃን ከጠፋብህ ንገረኝ እሺ? አንዳንድ ባትሪ አለ፣ አንገት ያለው፤ ሞተር አብራ ሲሉት ሰማይ ያበራል።»

ጠብ አይል ባትሪውን መለሰ። ጆሮው ፍም መስሏል። መካኒኩ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ ከኪሱ ትንሽ የዘይት ጣሳ አወጣና በየካንዴላው ሥር ጠብ፣ ጠብ አደረገ። ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ፣ እጁን አጣጥፎ ዘይቱ እስኪሰርግ ቆመ።

«ትጠብቃለህ? እሰይ የኔ ልጅ! እኔኮ ገና ስትገባ ነው የወደድኩህ። ሞተሩም ይቀዝቅዝ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲያስጮኹት ነው ያረፈዱት… ደግሞ የጠበቀ ነገር በጉልበት አይሆንም፣ አይደል? ጠብ ታደርጋለህ፣ ትተወዋለህ። ተመልሰህ ትመጣለህ፣ ጠብ ታደርጋለህ፣ ትተወዋለህ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ድሮ፣ አንተ አታውቃትም… የሚያስቸግራት የዛገ ብሎን ነበራት። ሰውም አላስቸገረች። የስፌት ማሽን ዘይት አለ አይደል? እሱን በየቀኑ አንዳንድ ጠብታ። ባሏ ሥራ ሲሄድ ትንሽ ወደ ግራ ታዞረዋለች፣ ብሎኑ ሲጮህባት ወደ ቀኝ ትመልሰዋለች፣ ዘይቷን ጠብ አድርጋ ወደ ስፌቷ። በነጋታው ደግሞ ትንሽ። ሴትየዋ ዝምተኛ ናት፤ ብሎኑም ዝምተኛ ሆነ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት መጣ? ልንገርህ… ከጨው ዕቃ ነው።

«ምን ነበር ያልኩህ? ጨው ዕቃው ሳምንት ተዘጋ አልኩህ። እሱ መጀመሪያ ነው፤ ገና አዲስ ሙሽሮች ሳሉ። ኋላማ ሚስትየው መላ አገኘች። ጨርቅ ሙቅ ውሃ ነክራ ክዳኑን ትጠቀልለዋለች። ትጠብቃለች። ከዚያ በሁለት ጣት… ጠቅ! ጨውዋን ትጨምርና ክዳኑን ላላ አድርጋ ትዘጋዋለች። ቧንቧውንም እንደዚያ፣ የሻማ ሣጥኑንም እንደዚያ፣ የዣንጥላውን እጀታ ሳይቀር። እሳቸው ከፊት ከፊት እያጠበቁ፣ እሷ ከኋላ ከኋላ እያላላች… አይተህ ታውቃለህ እንዲህ ሥራ ተካፍለው የሚኖሩ ባልና ሚስት? ማታ ማታ እሳቸው ክዳኑን ነካ ያደርጉና ‹ማነው ያላላው?› ይላሉ። እሷ ‹እኔ እንጃ፣ ሙቀቱ ይሆናል› ትላለች። አምነዋት! ሙቀት! ጭጋግ ሰማዩን ሞልቶ፣ ሰው ብርድ ልብስ ለብሶ ምሳ እየበላ… ሙቀቱ ይሆናል! እኔስ የምወድላቸው ይኸን ነው፤ ሚስታቸውን ያምናሉ።»

ጠብ አይል ይህን አያውቅም ነበር።

እውነቱን ነው፣ አያውቅም ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ክዳኖቹን የሚያላላቸው ሙቀቱ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ለሥራ ባልደረቦቹም አስረድቷል፤ ቤት ውስጥ ያለ ብረት ማታ ማታ ይለጠጣል ብሎ በጣቱ ሥዕል እየሣለ ሲያስተምራቸው ኖሯል። አሁን ባትሪውን እንደያዘ የጨው ዕቃው፣ የሻማ ሣጥኑ፣ ዣንጥላው አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ተሰለፉ። ስለ ብሎኗ ሴት የተባለውን እንኳ በቅጡ አልሰማውም። ልቡ ጨው ዕቃው ላይ ቀርቷል።

መካኒኩ መፍቻውን የመጀመሪያው ካንዴላ ላይ አጠለቀ። ቀስ ብሎ ወደ ግራ ገፋው። ካንዴላው እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ አለ። መለሰው። ዘይት ጨመረለት። እንደገና ገፋው፣ መለሰው፣ ገፋው… ወጣ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ ቀለም የራሰ የቃጫ ጭራ እየተንዠረገገ ተከተለው።

«ውይ! ጢም አለው! ኧረ ተመልከትልኝ፣ ሽማግሌ ነው የወለድከው! ወንድሜ፣ ጢሙን እንዳትቆርጠው፣ እንዲሁ ለሰው ይታይ። አየህ፣ ዕቃ እኒያ ሰው እጅ ሲገባ ወዲያው ይበስላል።»

መካኒኩ በብሎኖቹ መሀል ሊስቅ ሲል አንዷን ሊውጣት ምንም አልቀረው። አንገቱን አስግጎ አዳናት። ወደ ሁለተኛው አለፈ።

«ቀስ በል፣ ቀስ። ማን ያባርርሃል? መንገደኛዋ እንደሆነች ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ለምዳለች። ይህ ለእሷ አዲስ አይደለም። ለፋብሪካው ቃለ መጠይቅ የተጠራች ቀንም እኮ ጠዋት ተነስታ፣ ያቺን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ብትወጣ… የግቢው በር አልከፈት አለ። ምነው ቢሉ እኒያ ሰው በሌሊት ተነስተው ማጠፊያውን አጥብቀውት! ‹ላልቶ አየሁት› አሉ። ምን ታደርግ? መሰላል አስደግፋ በአጥሩ ዘለለች። ሰፈሩ ወጥቶ ነው ያጨበጨበላት። ባሏም አብረው አጨበጨቡ፤ ደግ ናቸው። ቀጥሎ ደግሞ የብረት ሻንጣ ገዛች። ሻንጣዋ መቆለፊያዋ ላላ ብላ ታየቻቸው። በየዱት! ወንድሜ፣ ሻንጣ በየዱት! ዛሬ ድስት ማስቀመጫ ሆናለች፤ እንደዚያ ያለ ጠንካራ ድስት ማስቀመጫ በገበያ አታገኝም። ዛሬ ደግሞ ይኸው መኪናዋ። ዓይናቸው እኮ ነው የሚገርመኝ! ሌላ ቀን ሁሉ ነገር ሰላም ነው። እሷ መንገድ ያለባት ዕለት ግን… የላላ ነገር ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያቸዋል። ይህ ስጦታ ነው። እኔና አንተ እንዲህ ያለ ዓይን አልተሰጠንም። አንዳንድ ክፉ ሰው ቢሆን ‹እንዳትሄድ ነው› ይላል። ሰው መቼም አያጣውም። እኔ ግን አፉን ነው የምዘጋው! ባል ሚስቱን በቃጫና በቀለም ሊያስቀር… ኧረ ተው! ሰው እንደዚህ ያስባል?»

ሁለተኛው ወጣ፣ ጢሙን አንጠልጥሎ። ሦስተኛውም ብዙ ካቃሰተ በኋላ ወጣ። ጠብ አይል አንዱንም አላየ።

እንዳትሄድ ነበር? እሱ ራሱን እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ትናንት ኮፈኑን ሲከፍት በልቡ የነበረው ሞተሩ ብቻ ነበር፤ ይህን በማንም ፊት ይምላል። ብቻ እጁ ቃጫውን ሲጠመጥም የራት ጠረጴዛው ፊቱ ላይ ድቅን ብሎበት ነበር። በአንድ በኩል እሱ። ማዶ ባዶ ወንበር። የስፌት ማሽኑ ቆሞበት የነበረ፣ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ። ያኔ ነው መፍቻውን አንድ ዙር የጨመረው። ከዚያ ሌላ አንድ ዙር። ፈርቶ ነበር። ይኸው ነው፣ ፈርቶ ነበር። ግን ፍርሃት እንዴት እንደሚወራ አያውቅም። የሚያውቀው ማጥበቅ ነው።

ቋ!

መካኒኩ ተገተረ። አራተኛው ካንዴላ ከወገቡ ተሰብሮ ነጩ ሸክላ እጁ ላይ ቀረ፤ ብረቱ ሞተሩ ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። በጠብ አይል ደረት ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። ደስታ ነው እንዳይባል ያሳፍራል፤ ደስታ ነበር። ዛሬ አትሄድም ማለት ነው።

«ተሰበረ? አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። በሰው እጅ ብዙ የጠበቀ ነገር እኮ እንዲህ ነው… አልወጣም ብሎ አይቀርም ወንድሜ፣ ተሰብሮም ቢሆን ይወጣል። ብቻ ቢሰበርም አንዳንዶቹ ‹ቀረልኝ› ብለው ደስ ይላቸዋል። እንዳንተ ያለ ባለሙያ መኖሩን ይረሳሉ። መላ ታጣለታለህ? አታጣም። ያ ምንድነው ከሣጥንህ ያወጣኸው? እየዞረ የሚነክስ ነገር… ኧረ ጉድ፣ ወደ ግራ ባዞርከው ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል? ለሰውም ቢሠሩልን ምን አለበት!»

መካኒኩ ነካሹን ብረት በቀዳዳው ሰደደ። አዞረ። ቆመ። ዘይት ጠብ አደረገ። ቆመ። ጠብ አይል ባትሪውን አስጠግቶ ያያል። በኋለኛው መንገድ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ። እትዬ ጥሩምባውን ስትሰማ ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ በርጩማዋ ላይም ተመቻችታ ተቀመጠች።

ብረቱ ወጣ። የመጨረሻውን ጢም ይዞ ወጣ።

መካኒኩ ቀዳዳዎቹን አጸዳ፣ ስባሪ እንዳይቀር በንፋስ አስወጣ፣ አዳዲሶቹን ካንዴላዎች ከካርቶናቸው ፈታ። አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ዝም ብሎ እያሽከረከረ አስገባው። ልክ የጠርሙስ ክዳን እንደሚዘጋ ሕፃን። ሲደርስለት መፍቻውን አሳርፎ ትንሽ፣ ትንሽዬ ገፋ አደረገና ተወው።

«በቃ? ኧረ ዋሽተኸኛል። በቃ? በጣት ብቻ? ሳታቃስት? እግርህንም የትም ሳታስደግፍ? እና አይወድቅም? አያፈስስም? እንዲሁ… ላላ ብሎ… ቦታው ላይ ይቀመጣል? ወይ ጉድ! እንዲህ መሆኑን የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖራል ትላለህ? ምነው ገና ድሮ በመጣህና፣ በሠርጋቸው ቀን በሆነና፣ አንድ ካንዴላ በገጠምክ ኖሮ ስጦታ ብለህ።»

ከዚያ ቁልፉ ዞረ፣ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ድምፅዋ እንዴት ያምራል! ሹሽ የሚል ነገር እንኳ የላትም። ጠብ አይል ባትሪውን እንደያዘ ጎማዎቹን ተመለከተ። የኋላው የግራ ጎማ ብሎኖች ላላ ያሉ መሰለው። ማለት፣ መንገድ ነው፣ ሩቅ ነው፣ አንድ ጊዜ በደንብ ቢያጠብቃቸው ምን ይጎዳል? አፉን ከፈተ። መፍቻው የት ነበር?

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ፣ ፀጥ አለ።

በፀጥታው መሀል ጠብ አይል አንገቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማው። ንፋስ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከቆመ ቆይቷል። ንፋሱ የሚመጣው ከኋላው፣ ከራሱ ቤት ነው። ዞር ሲል የፊት ለፊቱ በር መጋረጃ ወደ ውጭ ተነፍቶ ይውለበለባል። እሱ ባለበት ቤት መጋረጃ ተውለብልቦ አያውቅም። መጋረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ኮሪደሩ ይታያል፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ የጓሮው በር ይታያል፤ የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ የኋለኛው መንገድ በፀሐይ ያንጸባርቃል። የበሩ ብሎኖች ደፉ ላይ በሥነ ሥርዓት ተደርድረዋል፣ በዘይት የወዙ።

እትዬ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። አሁንም ወደ መካኒኩ ነው የምታየው።

«ደክመሃል ወንድሜ። አሁን ብሎኖችህን ተፋቸው፣ ከንፈርህ ይረፍ። ቅድም ያ ጥሩምባ የነፋውን መኪና ሰማኸው አይደል? የዳቦ አመላላሹ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ባዶውን ሲመለስ መንገደኛ ይጭናል፤ አንዲት ሴት፣ አንድ የስፌት ማሽን፣ አንድ ነጠላ አልጋ ልብስ ውስጥ የተቋጠረ ልብስ… ምን ይከብደዋል? አሁን ድልድዩን ሳያልፍ አይቀርም። ይቺን መኪና እኔ እነዳላታለሁ፣ የቀረ ዕቃ አለ። በል እስኪ ያንን የግቢ በር በትከሻህ አንድ በልልኝ፣ ልውጣበት።»

መካኒኩ ብሎኖቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። በእነሱም የፈታውን የሞተር ክዳን መልሶ አሰረ። ወደ በሩ ሄደ።

ከዚያ ነው እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እህቷ ባል የዞረችው። ፊቷ ላይ አሽሙር የሚባል ነገር አልነበረም። ቀረብ ብላ ከእጅጌው ላይ የተጣበቀ ቀይ ቃጫ አነሳችለት፣ ትከሻውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ድምፅዋም እንደ እናት ለሰለሰ።

«ተባረክ የኔ ጌታ። ስታበራልን ዋልክ። እጅህ አይዛል፣ ጤናውን ያብዛልህ። ቤትህ ጠብ አይበል። ያጠበቅከው ሁሉ እንዳጠበቅከው ይቆይልህ፤ የሚያላላብህ ሰው ከቤትህ አይገኝ።»

«አሜን» አለ ጠብ አይል፣ ከልማዱ፣ ባትሪውን እንዳበራ።